በእናቷ ግራ በኩል

ሆንግ ጂንሹ አውራ ዶሮውን አንገቱን ይዞ የባሕር አምላክ በሆነችው በማዙ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ሲቆም መንደርተኛው ነቅሎ ወጥቶ ነበር። በዚያ የባሕር ዳር መንደር ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንዱ ሌላውን ሌባ ይላል፤ ሌባ የተባለውም በአማልክቱ ፊት የዶሮ አንገት ቆርጦ ይምላል። ጂንሹን ግን ማንም ሌባ አላለውም፤ ማል ያለውም የለም። በገዛ እግሩ ነው የወጣው። ሁለት ጊዜ የመንደሩ ሹም ሆኖ ተመርጧል፣ ሦስተኛውንም ፈልጓል፣ ደግሞ "እኔ ንጹሕ ነኝ" ማለት ከምግብ ይልቅ የሚጣፍጠው ሰው ነው።

"ስሙኝ!" አለ፤ ድምፁ ማጉያ አይሻም። "ያን ቦሁይ ዳክዬ ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው አስመዝግቧል! ዳክዬዎቹ የት ሊያድሩ ነው?"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ተፎካካሪው ያን ቦሁይ ከኋላ ቆሞ እንደ ጫት የሚያነቃቃውን የአሬካ ፍሬ እያኘከ መሬት መሬቱን ያያል።

"እኔ ግን አንድ መንፈስ፣ አንድ ብቻ፣ ወደዚህ መንደር አስገብቼ ከሆነ ቤቴ ያለ ልጅ ይቅር! ዘሬ ይጥፋ!" አለና ዶሮውን ቆረጠው።

መንፈስ የሚሉት ስሙ መንደሩ ውስጥ ተመዝግቦ፣ እሱ ራሱ ግን ሌላ ከተማ የሚኖረውን መራጭ ነው። ከምርጫው አራት ወር ቀድሞ አድራሻውን ያዛወረ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ስለዚህ በሐምሌ ወር የሚዛወር ሰው ሁሉ እንደ ሌባ ይታያል። ይሁን፣ ይማል። ግን እንዲያው ምን ዓይነት ሰው ነው በልጁ የሚምል? ያውም አንዲት ልጅ ብቻ ያለችው! እትዬ ቹን፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዛጎል እየሰበረች የሚበላውን የባሕር ሥጋ ስትፈለፍል የኖረች ሴትዮ፣ እዚያው ቆማ "አንተ ጂንሹ፣ በራስህ ሂድና ማል! ልጅቷ ምን አደረገችህ?" ብላዋለች። እሱ እቴ! ጭብጨባ ጆሮውን ደፍኖት አልሰማትም።

እሱ ያላወቀውን እኔ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ልጁ ፔይጀን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ታይቹንግ ከተማ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ አላገባችም። በሰኔ ወር ሐኪም ጠራትና በቆሽቷ ጀምሮ ጉበቷን የያዘ በሽታ እንዳለባት ነገራት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፔይጀን ከዚህ ዓለም የፈለገችው አንድ ነገር ነው። እናቷ ሺዩልዋን ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዷ በማሰሮ ሆኖ ከነፋስ መከላከያ ዛፎቹ ጀርባ ባለው የወረዳው አመድ ቤት፣ ባሕሩ ከሚታይበት መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጧል። በቀኝዋ ያለው ቦታ ለጂንሹ የተያዘ ነው። በግራዋ ያለው ባዶ ነው። ፔይጀን በእናቷ ግራ መቀመጥ ፈለገች፤ ይኸው ነው። ባል የሌላት ልጅ በአባቷ ቤት የአያቶች መሠዊያ ላይ ስሟ አይወጣም፤ እናቷ ጎን ካልሆነች ሌላ ቦታ የላትም።

ወረዳው ደግሞ ሕግ አለው። ስሙ በወረዳው ነዋሪነት ተመዝግቦ ስድስት ወር ሳይሞላው ለሞተ ሰው በአመድ ቤቱ ቦታ አይሰጥም። የከተማ ሰዎች በሞት አፋፍ ላይ እየተመዘገቡ መደርደሪያውን ስለጨረሱት የወጣ ሕግ ነው። ጠረጴዛ እየደበደበ ያስወጣው ማን መሰላችሁ? ጂንሹ ራሱ ነው።

ስለዚህ ፔይጀን በሐምሌ ወር አድራሻዋን ከታይቹንግ ወደ መንደሩ አዛወረች። በአባቷ ቤት ልትመዘገብ ብትል የቤተሰቡ መዝገብ በአባቷ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሱን ለማግኘት ምክንያቷን መናገር አለባት። እሱ ደግሞ እናቷ የታመመች ጊዜ እህል ውኃ አልቀምስ ብሎ ሊከተላት ምንም አልቀረውም ነበር። "ምርጫው ይለፍለት፤ ከዚያ እነግረዋለሁ" አለችና በእናቷ ወንድም በአጎቷ በኩንቻንግ ቤት ተመዘገበች። ኩንቻንግን አስምላ አፉን አስያዘችው። እስከ ጥር በሕይወት መቆየት ነበር ሐሳቧ።

ጂንሹ ከመማሉ በፊት ወረዳው ድረስ ሄዶ ሌላም ጩኸት ጮኾ ነበር። "የጤና መድኑም፣ መብራት ኃይሉም፣ የነዋሪ ምዝገባውም ያላቸውን መረጃ ለፖሊስ ይስጡ! ሁሉም ለየብቻው ታቅፎ የሚቀመጠው ለምንድነው? አገናኙትና በሐምሌ የተዛወረውን ሁሉ አጣሩ! ሰው የሚታከመው በሚኖርበት ነው፤ መድን ካርዱን የት እንደሚጠቀም እዩ፣ ያን ጊዜ ማን የት እንደሚኖር ይታወቃል!" አላቸው። ሰሙት። መረጃው ተገናኘ።

መሐላው ሳምንት ሳይሞላው ፖሊሱ ጁዋንግ በሞተር ብስክሌቱ ወደ ጂንሹ ግቢ መጣ። ጁዋንግ ለመንደሩ እንግዳ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ። ጂንሹ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ተቀምጦ ዛጎል ይፈለፍላል።

"ሹም፣ ብቻችንን ብንሆን…"

"እዚሁ ተናገር! እኔ የምደብቀው የለኝም። ስንት መንፈስ ተያዘ?"

"ዘጠኝ።"

"ስምንት ናቸው እንጂ። የዳክዬ ቤቱ ስምንት።"

"እነሱ ስምንት ናቸው። ዘጠነኛዋ…" የጁዋንግ ጆሮ በርበሬ መሰለ። "ዘጠነኛዋ ሆንግ ፔይጀን ናት። በአቶ ኩንቻንግ ቤት፣ በሐምሌ የተመዘገበች።"

የሴቶቹ ቢላዎች ቆሙ።

"የኔ ልጅ?"

"አዎ፣ ሹም።"

"ልታያቸው ትመጣ እንደሆነስ? አጎቷ አይደሉም እንዴ?" አለች እትዬ ቹን።

"መረጃው እንደዚያ አይልም፣ እትዬ። መድን ካርዷ እዚህ ወረዳ አንድ ቀን አልገባም። በየሳምንቱ የምትጠቀምበት ታይቹንግ ነው። በየሳምንቱ፣ ሳታቋርጥ። እዚያ እንደምትኖር ግልጽ ነው።"

አያችሁ አይደል? በየሳምንቱ አለ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ ጉንፋን የማይደፍራት፣ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ምን ታደርጋለች ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ፖሊሱ የተላከው የት እንደምትኖር ሊያጣራ ነው፤ አጣራ። አባትየውም የሰማው ታይቹንግ የሚለውን ብቻ ነው። መዳፉ ላይ የነበረውን ዛጎል ወርውሮ ተነሣ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። ከሰዓት በኋላ የያን ቦሁይ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በደጁ አለፈ። "ያ ምስኪን ዶሮ በከንቱ ሞተ! የሹሙ ልጅ መንፈስ ናት! ዘሬ ይጥፋ ያለው ማን ነበር? እስቲ አስታውሱን!" ልጆች ከመኪናው ኋላ እየሮጡ እንደ ዶሮ ጮኹ። ጂንሹ በሩን ዘግቶ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ፣ ስልኩን አነሳ።

"ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?" ሰላምታ እንኳ የለም።

"አባዬ? ምን ሆንክ?"

"አድራሻሽን ማን አዛውሪ አለሽ? የኔ ልጅ፣ የኔ! ልትረጂኝ ነው? አንቺ ድምፅ ካልሰጠሽኝ እወድቃለሁ? በማዙ ፊት ምዬ ውሸታም አደረግሽኝ እኮ!"

ከበስተኋላዋ የሆነ መሣሪያ ቲክ ቲክ ይላል፤ እሱ የዳቦ ቤቱ ምድጃ መሰለው።

"በምን ማልክ?" አለች በመጨረሻ።

"በምን እምላለሁ? በዘሬ ነዋ!"

"እ…" አለችና ትንሽ ሳቀች፤ ወይም ሳቅ መሰለው። "አባዬ፣ እስከ ጥር ብትታገሠኝስ? እኔ ለመምረጥ አይደለም። አልመርጥም፣ እንዲያውም በዚያ ቀን ወደዚያ አልመጣም። ስሜ ብቻ እዚያ ይቆይ።"

"ስምሽ ብቻ! ይኸው አይደል እንዴ መንፈስ ማለት? ነገውኑ አውጪው። ነገ! ካላወጣሽ አባት አለኝ እንዳትዪ።"

አሁን ትነግረዋለች፣ አሁን አፍ አውጥታ "አባዬ፣ ልሞት ነው" ትለዋለች ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አንጀቷ አልቻለም። ዘሬ ይጥፋ ብሎ የማለ አባት ይህን ከሰማ መሐላዬ ገደላት ብሎ በቁሙ እንደሚያብድ ገባት። የሱን ጠባይ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

"እሺ" አለች። "ነገ አወጣዋለሁ። አትጩህ፣ ደም ግፊትህ ይነሳብሃል። ዶሮውን ግን በላችሁት?"

"የመሐላ ዶሮ ይበላል እንዴ!"

"ያሳዝናል። ጥሩ ሾርባ ይወጣው ነበር" አለችና ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ወደ ምዝገባው ቢሮ ሄዳ፣ ግድግዳ እየተደገፈች፣ ስሟን ወደ ታይቹንጓ የኪራይ ክፍል መለሰች። ጂንሹ የላከችለትን ማስረጃ አባዝቶ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። "ያን ቦሁይም የራሱን ያውጣ!" ብሎ ፎከረ። የዳክዬ ቤቱ ሰዎች ፈርተው በምርጫው ቀን ድርሽ አላሉም። ጂንሹ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ርችት ተተኮሰ፣ ድንኳን ተጣለ፣ በዛጎል ሥጋ የተሠራ ሩዝና አሳ ቀረበ፣ ሰው ቢራውን እያነሳ "ለንጹሑ ሹም!" አለ።

ኩንቻንግ ከድግሱ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት፣ ድንኳኑ ሲነቀል፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ጂንሹ ፊት ቆመ።

"ትናንት የት ጠፋህ? አማችህ ሲያሸንፍ ቅር ይልሃል?" አለው ጂንሹ እየሳቀ።

"ልበስና ውጣ። ታይቹንግ እንሂድ።"

"ምን ልናደርግ?"

"ልጅህ ሆስፒታል ናት።" ኩንቻንግ በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገ። "ምርጫው እስኪያልፍ እንዳልናገር አስምላኛለች። አልፏል። ልበስ።"

በመኪና ውስጥ ሁሉንም ነገረው፤ በሽታውን፣ ባዶውን ቦታ፣ ስድስት ወሩን፣ ለምን እስከ ጥር እንዳለች። ጂንሹ መጀመሪያ "አይደለም" አለ። ቀጥሎ "ለምን አልነገርከኝም?" ብሎ ኩንቻንግን ሊመታ እጁን አነሳ። ከዚያ እጁን በአየር ላይ እንዳለ ረሳው። የጁዎሹይን ወንዝ ረጅም ድልድይ ሲሻገሩ "በየሳምንቱ ብሎኝ ነበር" አለ። "ያ ፖሊስ በየሳምንቱ ብሎ ነግሮኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ እኮ! በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።" እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ይህንኑ ደጋገመው።

ፔይጀን ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ሁሉ ዓይን ሆኗል። አባቷን ስታይ ወደ አጎቷ ዞር ብላ "አንተ አፈ ቀላል" አለችና መልሳ አባቷን አየችው። "እንኳን ደስ አለህ፣ ሹም።"

ጂንሹ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አባዬ፣ ዶሮው አይደለም፣ እሺ?" አለችው። "ስማኝ። በሰኔ ነው የነገሩኝ። አንተ የማልከው በጥቅምት። ማዙ እንዳንተ ችኩል አይደለችም።"

"እመልሰዋለሁ" አለ። "ስምሽን ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ። በኔ ቤት፣ በኔው መዝገብ ላይ።"

"ስድስት ወሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።"

"አስቀይረዋለሁ! እኔ ነኝ ያስወጣሁት፣ እኔ አስቀይረዋለሁ!"

"ይሁን፣ አስቀይረው" አለች፤ እጁን ያዘች። የሷ እጅ ቀዝቃዛ ነበር፤ የሱ የዛጎል ሽታ ነበረው። "እማዬ የእጅህን ሽታ ስትጠላው ትዝ ይልሃል? በሎሚ እሸው፣ በሎሚ እሸው ስትልህ?" ጂንሹ ያን ጊዜ አለቀሰ፤ እንደ ልጅ፣ አፉን ከፍቶ፣ ነርሷ እስክትመጣ ድረስ።

ስሟን መለሰ። ወረዳውንም ለመነ። ምዝገባ ቢሮ፣ አመድ ቤት፣ ምክር ቤት፣ ያልገባበት የለም። ጠረጴዛ መደብደቡ ቀርቶ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው። የአመድ ቤቱ ሹም የድሮ ወዳጁ ነው፤ ዓይኑን ሽሽት ወደ መስኮቱ እያየ ነበር የመለሰለት።

"ጂንሹ፣ ባለፈው ዓመት የዚያን አስተማሪ እናት መልሰናል። አምስት ወር ሞልቷት ነበር። አንተ ነህ በሩ ላይ ቆመህ አንድ ቀን ብትጎድል አትገባም ያልከው። ዛሬ ላንተ ልጅ ብከፍተው እነዚያን ምን እላቸዋለሁ?"

እውነት ነው፤ ጂንሹ ብሏል። አሮጊቷን ያመጣው ልጇ በዝናብ ውስጥ ማሰሮውን በጃኬቱ ሸፍኖ ቆሞ ሳለ ነው ያለው።

ፔይጀን ጥርን ዘለቀች። እዩልኝ እንግዲህ! ሐኪሞቹ እስከ ገና አትደርስም ያሏት ልጅ የጨረቃውን አዲስ ዓመት ከአባቷ ጋር የሩዝ ኬክ ቀምሳ በየካቲት ነው ያረፈችው። የሐምሌው ምዝገባ እንደነበረ ቢተው ስድስት ወሩ ሞልቶ ተርፎም ነበር። በእናቷ ግራ ትቀመጥ ነበር። ጂንሹ ይህን ሳያሰላው ያደረበት ሌሊት የለም። ለዓመታት ነዋሪው ስለነበረች አመዷን የከተማው አመድ ቤት ተቀበለው፤ ማንም በማያውቃት ፎቅ፣ ባሕር በማይታይበት።

መሐላው የዘር መጥፋት ነበረና መንደርተኛው ከዚያ በኋላ ዶሮ የሚለውን ቃል በጂንሹ ፊት አንስቶ አያውቅም። ያን ቦሁይ ሳይቀር የድምፅ ማጉያውን አወረደ፤ ለቀብሩም ነጭ አበባ ይዞ ታይቹንግ ድረስ መጣና ምንም ሳይናገር ሰግዶ ተመለሰ።

በሚያዝያ ፖሊሱ ጁዋንግ ደወለ።

"ሹም፣ ይቅርታ። አንድ ነገር ማጣራት ፈልጌ ነው። መረጃው ሲገናኝ አንድ ስም አወጣብኝ። አድራሻቸውን ወደ ታይቹንግ ያዛወሩ፣ መብራታቸው ግን እዚህ የሚበራ፣ መድን ካርዳቸውም በዚህ ክሊኒክ የሚገባ ሰው አሉ።"

"እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት፣ አዎ።" ጆሮው እንደቀላ በስልክ እንኳ ያስታውቅ ነበር። "ስሕተት ከሆነ አርመዋለሁ። አድራሻዎን ካወጡ እኮ ሹመትዎ ይቀራል።"

"ስሕተት አይደለም። በልጄ የኪራይ ክፍል ነው የተመዘገብኩት። አንድ ቀን አልኖርኩበትም። የከተማው አመድ ቤት የከተማ ነዋሪ ካልሆንክ ለቤተሰብህ ቦታ አይሰጥም፤ ለዚያ ነው። ወንጀል ከሆነ ጻፈው።"

"ሹም፣ ያኔ…" አለ ጁዋንግ። "እኔ የት ትኖራለች የሚለውን ብቻ እንዳጣራ ነበር የተላክሁት። መጠየቅ ነበረብኝ።"

"አባቷ አንተ አይደለህም" አለ ጂንሹ። ስልኩን ዘጋና መሳቢያውን ከፍቶ የሹመት ማኅተሙን በጨርቅ ጠቀለለው፤ ለወረዳው ሊመልሰው።

በዚያው ሳምንት ከአመድ ቤቱ የሺዩልዋንን ማሰሮ ተረክቦ በአውቶቡስ ተሳፈረ። እጁን በሎሚ አሽቶ ነበር። ኩንቻንግ በመኪና ላድርስህ ቢለው እምቢ አለ። ማሰሮውን በቀይ ጨርቅ አስሮ ጭኑ ላይ አቀፈው። አመድ ይዞ የሚጓዝ ሰው በየድልድዩ ለሟች መናገር አለበት፣ ነፍስ ውኃው ዳር ቆማ እንዳትቀር። ጂንሹ ያ ሁሉ ጯኺ ሰው አሁን ከጎኑ የተቀመጠችው ተማሪ እንኳ በቅጡ እንዳትሰማው አድርጎ ነበር የሚያወራው።

"ሺዩልዋን፣ ድልድይ ነው። ተከተይኝ" አለ ጁዎሹይ ወንዝ ሲደርሱ። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ይታይ ነበር። ዳዱ ወንዝ ሲደርሱም "ይኸኛው አጭር ነው፤ አይዞሽ፣ ተሻገሪ" አለ።

ከዚያ ከተማው መጣ፤ ሕንፃ፣ መብራት፣ ሞተር ብስክሌት። ጂንሹ ማሰሮውን ጠበቅ አድርጎ ወደ ጨርቁ ጎንበስ አለ።

"ከዚህ በኋላ ድልድይ የለም። ልጅሽ ጋ ደርሰናል። ወዳንቺ ልትመጣ ነበር፤ መንገድ ላይ ነበረች። እኔ ነኝ የመለስኳት" አላት። ተማሪዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችው፤ ተቀብሎ በእጁ እንደጨበጠው ወረደ።